ከአንድ እስከ አራት ያሉት አፍንጫዎች

መርጫው በእጇ እያገሳ ሳለ በድንገት ጸጥ አለ።

ረጪዋ ምላጭ መጀመሪያ መብራት የሄደ መሰላት። ቀና ብላ ስታይ ግን የጣሪያው አምፖል እንደበራ ነው፤ ጭስ መሳቢያውም ይዞራል። መብራት አልሄደም። አንድ ሰው ከውጭ አጥፍቶባታል። በዚያ ወርክሾፕ ሰው ቢሳደብ ይታለፋል፣ ቢያረፍድም ይታለፋል፤ የሌላን ሰው መርጫ ከውጭ ማጥፋት ግን አፍ የገባ እህል እንደ መንጠቅ ነው። ብረት የሚያቀልጥ ነበልባል የያዘ ሰው ራሱ ይለኩሳል፣ ራሱ ያጠፋል። ሕጉ ግድግዳ ላይ አልተጻፈም፤ ማንም ግን አያፈርሰውም።

መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች፣ የጆሮ መከላከያዋን አንገቷ ላይ ጣለች፣ የመርጫ ክፍሉን የብረት በር በእግሯ ገፍታ ወጣች።

«እጁን ያሳከከው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ።

ጋሼ የወርክሾፑ ባለቤት ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሲናደድ ድምፁ ከፍ ሲል የሳቸው ዝቅ የሚል። ዛሬ በጣም ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረባት።

«ጋሼ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ እኮ! ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ሽፋን ተመልሶ አይያያዝም። ይሄ ቁራጭ ሞተ ማለት ነው።»

«ይሙት። የባሰ ሬሳ መጥቶልሻል።»

በጫማቸው ጫፍ ወደ አንድ የእንጨት ሣጥን ጠቆሙ። ውስጡ ዐሥራ ሁለት የማቃጠያ አፍንጫዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ እንደ ክንድ የወፈረ፣ አንድ ስንዝር የሚረዝም ብረት ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ራሷ ሸፍና፣ ራሷ አሽጋ ወደ ጠርሙስ ፋብሪካው ልካቸዋለች። እዚያ ቀንና ሌሊት፣ አሸዋ እንደ ማር ለሚያቀልጥ ምድጃ እሳት ሲተፉ ይኖራሉ። ባዶ ብረት ያን ሙቀት ብዙ አይችለውም። ስለዚህ ነው የሚሸፈነው፤ ከጥፍር የማይወፍር ልብስ ይለብሳል፤ ልብሱ በነበልባል ውስጥ ቀልጦ እንደ ካፊያ የሚወርድበት የብረት ዱቄት ነው።

ዱቄቱ በሻጩ ወረቀት ላይ ስሙ ረጅም ነው፤ ከፍተኛ ኢንትሮፒ ቅይጥ ምናምን። ወርክሾፑ ውስጥ ግን «አምስቱ» ነው የሚባለው። ብረት፣ ኒኬል፣ ኮባልት፣ ክሮሚየም፣ አሉሚኒየም፤ አምስቱም እኩል እኩል። ሌላው ቅይጥ አንድ አባወራ አለው፣ የቀረው ቅመም ነው። እዚህ ግን አባወራ የለም። ምላጭ ይህን አንድ ቀን ለእናቷ ስታስረዳ እናቷ ክር በጥርሷ እየበጠሰች «አባወራ የሌለው ቤት በምን ይቆማል?» አለቻት። «በእሳት» ብላ መለሰችላት።

አሁን ግን አራቱ አፍንጫዎች በምንም የቆሙ አይመስሉም። ሽፋናቸው እንደ ደረቀ የዛፍ ቅርፊት ተልጦ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ብል እንደ በላው ጨርቅ ተቦርቡሯል።

«ፈርሚ» አሉ ጋሼ፣ አንድ ወረቀት ዘርግተው። «የፋብሪካው ባለምድጃ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ከመምጣታቸው በፊት ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን።»

ወረቀቱን ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው። ማንኛውንም ወረቀት ጮክ ብላ ነው የምታነበው። ዐሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው የሚፈርምበትን ነገር በዓይኑም በጆሮውም ማጣራት አለበት ባይ ናት።

«‹ይህን ሥራ የሠራሁት እኔ ስሆን፣ የሙያ ፈቃድ ሳይኖረኝና ያለ ኃላፊዎቼ ዕውቅና...›» ቀና አለች። «ያለ ዕውቅና? ጋሼ፣ እኔ ስረጭ እርስዎ መስታወቱ ጋ ቆመው ሻይ ይጠጡ ነበር እኮ። ሻይ ዕውቅና ውስጥ አይገባም?»

«ምላስሽን ሰብስቢ።»

«እሺ፣ ምላሴን ልሰብስብ። እጄንስ? ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ እጅ የተረጨው ሁሉ ሪፖርቱ ላይ የተጻፈው በሱ ስም ነው።» በአገጯ ከጋሼ ኋላ ወደ ቆመው ባለወረቀት ጠቆመች።

ባለወረቀቱ የጋሼ የወንድም ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ተምሮ ያመጣው የምስክር ወረቀት ቢሮው ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል፤ ደንበኛ ሲመጣ እሱም ከሥሩ ይቆማል። ክፉ ልጅ አይደለም። መርጫው ሲለኮስ ግን ዓይኑን የሚጨፍን ልጅ ነው።

«ሲጣፍጥ እሱ የሠራው፣ ሲያርር እኔ የጣድኩት?» አለች።

«አንቺ እኮ ለጽዳት ነው የተቀጠርሽው» አለ ባለወረቀቱ፣ ጫማውን እያየ።

«አዎ። እየጠረግሁ ተማርኩ። አንተ ተምረህ መጣህ፣ መጥረጊያው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አታውቅም።»

እውነቷን ነው። በሃያ አንድ ዓመቷ መጥረጊያ ይዛ ነው የገባችው። የቀድሞው ረጪ ወገቡን ታሞ ሲወጣ ማሽኑ ወራት ሙሉ አቧራ ለብሶ ተቀመጠ። እሷ ከምሳ ሰዓቷ እየቆረሰች መመሪያውን፣ ያን የጡብ ያህል የወፈረ የባዕድ ቋንቋ መጽሐፍ፣ በስልኳ መዝገበ ቃላት ቃል በቃል እየፈታች አነበበችው። የቀረውን በጆሮዋ ተማረች። ጋዙ ሲበዛ መርጫው ያፏጫል፤ ዱቄቱ ሲያንስ ያስለዋል። መለኪያው ከማሳየቱ በፊት እሷ ትሰማለች። ጋሼም ሌላ ሰው ስላላገኙ፣ ካገኙም ውድ ስለሚሆንባቸው፣ መርጫውን ሰጧት።

አሁን ድምፃቸውን ጭራሽ ወደ ሹክሹክታ አወረዱት። «ፈርመሽ ከወጣሽ የሁለት ወር ደሞዝ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ካልፈረምሽ ባዶ እጅሽን ነው። ምርጫው ያንቺ ነው።»

ምርጫ አሉት! በከተማው ይህ ማሽን ያለው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ባለቤቶች ደግሞ በየሳምንቱ አብረው ምሳ የሚበሉ ጓደኛሞች ናቸው። ይህን ወረቀት ከፈረመች መርጫ የሚባል ነገር ዳግመኛ አትጨብጥም። እህቷ የነርስነት ትምህርቷን ለመጨረስ ገና አንድ ዓመት ይቀራታል፤ የእናቷ የስፌት መኪና ደግሞ ብቻውን ሦስት አፍ አይችልም። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አንገበገባት፤ ስሟ በዚያ ቤት ወረቀት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው ለስድብ መሆኑ።

«እስከ ስምንት ሰዓት ጊዜ አለኝ አይደል?»

«ለምንሽ?»

«እጄን ልጠይቀው። ጥፋቱን ካመነ እፈርማለሁ።»

ሣጥኑን በገመዱ ይዛ እየጎተተች በጓሮ በኩል ወጣች።

የጓሮው ክፍል የአሸዋው ነው። አሸዋው የሚሉት ማንኛውም ብረት ከመረጨቱ በፊት በግፊት አሸዋ እየመታ የሚያሻክር ጎልማሳ ነው፤ ለስላሳ ብረት ሽፋን አይዝም። ሃያ ዓመት ከኮምፕሬሰር ጋር ኖሮ ጆሮው ደክሟል፣ ቅንድቡ ሳይቀር ሁልጊዜ አቧራ ነው። ገና ስትገባ ቱቦውን ዘጋ።

«ሊያባርሩኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

«አትጩኺ፣ ከንፈርሽን አያለሁ። በምላስሽ ነው በሥራሽ?»

«በሥራዬ ነው ይላሉ። እርግጥ ያንተም አሸዋ ሊሆን ይችላል።»

«የኔ አሸዋ?» ደረቱን ነፋ። «እኔ የመታሁት ብረት ላይ ዝንብ ብታርፍ እግሯ ተይዞ ይቀራል። ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ እህቴ።»

ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት። ከስልኩ ውስጥ የስፌት መኪናው ይንጫጫል።

«ምሳ በላሽ?»

«እማ፣ አሁን አይመቸኝም።»

«ድምፅሽ ምን ሆኗል? ማን ነካሽ?»

«ሥራ ተበላሸብሽ ብለውኛል። እጅሽ ነው አሉኝ።»

መኪናው ቆመ። «እጅሽ? እጅሽማ ከኔ የወረስሽው ነው፣ እጅሽን እንዳይነኩብኝ! ስንት ቁራጭ ነበር?»

«ዐሥራ ሁለት። አራቱ ናቸው የተበላሹት።»

«እንዲህ ካልሽማ መጨረሻ የሠራሻቸው ይሆናሉ፣ ልጄ። እኔም ዐሥራ ሁለት ሸሚዝ ስሰፋ ዐሥራ አንደኛው ላይ እጀታው ይጣመምብኛል። ዓይን ይደክማል። የደከመ ሰው እኮ ጥፋተኛ አይባልም። ንገሪያቸው።»

«እሺ እማ፣ እነግራቸዋለሁ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ስልኩን እንደያዘች ቀረች።

እያንዳንዱን አፍንጫ ከመርጨቷ በፊት ከታች በኩል በሹል ብረት ቁጥር ትመታበታለች። ማንም አላዘዛትም፤ የራሷ ልማድ ነው። አፍንጫዎቹን እያወጣች በአሸዋው ጠረጴዛ ላይ በየቁጥራቸው ደረደረቻቸው። አሸዋውም ያነሳቸው ጀመር።

የተላጡት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ናቸው።

«መጀመሪያዎቹ» አለች በሹክሹክታ።

«ምን?»

«መጀመሪያዎቹ ናቸው! ሰው ሲጀምር ይደክመዋል እንዴ? ጠዋት፣ ገና ቁርሴ ሆዴ ውስጥ እያለ የረጨኋቸው ናቸው። እጄ ቢሆን መጨረሻ ላይ ነበር የሚሳሳተው።»

ከአምስት እስከ ዘጠኝ ያሉት ጥሩ ይመስላሉ፤ ጥቁር ግራጫ፣ ድፍን። አሸዋው ዐሥረኛዋን አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞራት። «ይቺስ ምንድን ናት? አልቅሳለች።»

በአፏ ዙሪያ የብር ቀለም ያላቸው ትናንሽ ጠብታዎች ረግተዋል። ዐሥራ አንደኛዋ ላይ ይበዛሉ። ዐሥራ ሁለተኛዋ ላይ ደግሞ እንደ ሽፍታ ተነስተዋል። ምላጭ አንዱን ጠብታ በጥፍሯ ስትጭረው ተጫረ። አምስቱ እንኳን በጥፍር በሞረድም አይጫርም። በጥፍር የሚጫር ከአምስቱ አንድ ብቻ ነው፣ አሉሚኒየም።

«የዱቄት ክፍሉ ቁልፍ አንተ ጋ ነው?»

«አሸዋዬ እዚያ አይደል የሚቀመጠው። ነይ።»

የዱቄት ክፍሉ መስኮት የሌለው ጠባብ ቤት ነው። በመደርደሪያው ላይ ዘወትር የምታውቃቸው አረንጓዴ ጣሳዎች ቆመዋል፤ የሻጩ ጽሑፍ እንዳለበት። ዐሥራ ሁለቱን አፍንጫዎች የሠራችበትን ጣሳ አነሳችው። ክዳኑ በፕላስተር ታሽጓል። ሻጩ በፕላስተር አያሽግም፤ ያን ቀን ልብ አላለችውም። ከበሩ ኋላ አሸዋው አንድ ሸራ ገለጠ፤ አምስት ከረጢቶች፣ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ አንድ ብረት ስም፣ ከጎናቸው አንድ ባልዲና ቀለም የሚያማስሉበት መሣሪያ።

የጣሳውን ፕላስተር ልጣ ዱቄቱን በጣቶቿ መካከል አሸችው።

የድሮው ዱቄት እያንዳንዷ ቅንጣት ውስጥ አምስቱም ቀልጠው አንድ ሆነዋል። ቢወቀጥ፣ ቢነፋ አምስቱ አይለያዩም። ይሄኛው ግን አምስት ዱቄት በባልዲ የተማሰለበት ነው። ጎን ለጎን ቆመዋል እንጂ አልተጋቡም።

«ያንን የተበላሸ ሬዲዮህን አምጣው» አለችው አሸዋውን።

«ለምንሽ?»

«ከድምፅ ማጉያው ኋላ ማግኔት አለው።»

ከአንድ የቆየ ጣሳ ሥር የተረፈውን የድሮ ዱቄት በወረቀት ላይ ነሰነሰች፣ ማግኔቱን ከሥር አሄደችው። ዱቄቱ ሁሉ አንድ ላይ፣ እንደ መንጋ ተንቀሳቀሰ። አዲሱን ነሰነሰች። ግማሹ ከማግኔቱ ጋር ሮጠ፤ ግማሹ ባለበት ቀረ፣ ነጣ ብሎ፣ ሰነፍ ሆኖ።

«ለምን መጀመሪያዎቹ እንደሆኑ ግን አልገባኝም» አለ አሸዋው።

እሷ ገብቷታል፤ ባይገባት በወደደች። ከመደርደሪያው አንድ የመስታወት ብርጭቆ አንስታ በአዲሱ ዱቄት ሞላችው። ከወገቧ የእንጨት መዶሻዋን ፈታች። ዱቄቱ ወደ መርጫው ሳይቆራረጥ እንዲወርድ የሚሞላበትን ቋት በዚህ መዶሻ ኳ ኳ ታደርገዋለች። መመሪያው ላይ የለም፤ ከራሷ ያወጣችው ዘዴ ነው፣ ባለወረቀቱንም «ይሄንን የት ትምህርት ቤት ያስተምሩሃል?» እያለች ያበሸቀችበት። የብርጭቆውን ጎን እንደዚያው መታች። ሃያ፣ ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ። ቀላሉ አሉሚኒየም ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ከባዶቹ ወደ ታች ሰመጡ። ብርጭቆው ላይ ድንበር ተሰመረ።

ዱቄት ከቋቱ የሚወርደው ከሥር ነው። መጀመሪያዎቹ አራት አፍንጫዎች አሉሚኒየም ሳይደርሳቸው ቀረ፤ በሙቀት ጊዜ ቆዳ ሆኖ የሚከላከለው ደግሞ እሱ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሦስት የሱን ትርፍ ተሸከሙ።

«እንግዲህ ያማሰለው ነው ጥፋተኛው» አለ አሸዋው፣ ደስ ብሎት።

«የለያየው ግን የኔ መዶሻ ነው።»

«ከዚህም የባሰ አለ» ብላ ነገረችው። ያን ቀን መርጫው ገና ሲጀምር ድምፁ ታፈነባት፤ ውኃ የሞላ ጋን እንደ መምታት ያለ ድምፅ። ሰምታዋለች። ማቆም ነበረባት። እሷ ግን ጋዙን ጨመር አድርጋ ድምፁን አስተካከለችውና ቀጠለች፣ እንዲያውም በልቧ «ጎበዝ» አለች።

«ይሄን ማን ያውቃል?» አለ አሸዋው፣ ከንፈሯን ሳይሆን ዓይኗን እያየ።

«እኔ።»

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል ሣጥኑን እየጎተተች ቢሮ ገባች። ያልፈረመችውን ደብዳቤ፣ ሁለቱን ዱቄቶች በየወረቀታቸው፣ ማግኔቱን፣ ብርጭቆውን ጋሼ ፊት ደረደረች፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አሳየቻቸው። የጋሼ ፊት ቀስ በቀስ እንደ ብርጭቆው ለሁለት ተከፈለ፤ ከላይ ነጣ፣ ከታች ጠቆረ።

«በደንብ ነው ያማሰልኩት» አለ ባለወረቀቱ፣ ከምስክር ወረቀቱ ሥር። «ግማሽ ሰዓት ሙሉ።»

«በማማሰልስ አትታማም።»

«እሱን ተይው» አሉ ጋሼ። «እኔ ነኝ ያዘዝኩት። የጣሳው ዱቄት ዋጋ በአንድ ዓመት ሦስት እጥፍ ሆነ። ወርክሾፑን ልዝጋው? ሰባት ሰው ነው ከዚህ ቤት የሚበላው፤ አንዷ አንቺ ነሽ።»

«አይዝጉት። ይንገሩኝ። ‹ምላጭ፣ ዛሬ ያለን ድብልቅ ነው› ቢሉኝ ቋቱን በመዶሻ አልነካውም ነበር። በማንኪያ በማንኪያ እየሞላሁ እረጨው ነበር። ወይም አይሆንም እልዎት ነበር። እርስዎ ግን በድሮ ጣሳ ሞልተው በፕላስተር አሸጉልኝ፤ እኔን ያህል ሰው እንደ ሕፃን በከረሜላ ወረቀት አታለሉኝ!»

ጋሼ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ ያን የጠዋቱን ደብዳቤ በሁለት ጣት ገፉላት።

«በቃ ቅደጂው።»

«ምን?»

«ቅደጂው አልኩሽ። ጋዙ እርጥበት ነበረው እንላለን። ሻጩ ሩቅ ነው፣ ሄዶ የሚጠይቀው የለም። አራቱን በነጻ እንደግምላቸዋለን። መርጫሽም፣ ደሞዝሽም እንዳለ ነው። የማንም ስም አይነሳም። ምን ትፈልጊያለሽ ከዚህ በላይ?»

እውነትም ምን ትፈልጋለች? ጠዋት በጥርሷ ይዛ ልትታገልለት የነበረውን ነገር ሁሉ አሁን በሳህን አቀረቡላት። መዶሻዋን የሚያነሳ የለም። ያን የታፈነ ድምፅ የሚያውቅ ከሷና ከግማሽ ደንቆሮው አሸዋው በስተቀር ማንም የለም። ደብዳቤውን አነሳችው። እጇ ላይ ቀሊል ነበር።

በሩ ተንኳኳ።

ባለምድጃው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ቅንድብ የላቸውም፤ እሳቱ ከወሰደው ቆይቷል። ወንበር ሲሰጧቸው እምቢ አሉ፤ ልብሳቸው ጥቀርሻ ነበር።

ጋሼ ስለ ጋዙ አወሩ፣ አሳምረው አወሩ። ስለ እርጥበት፣ ስለ ሻጩ፣ ስለ ይቅርታ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ስለዚህ አራቱ ብቻ ናቸው የተበላሹት» አሉ።

«አራቱ ብቻ። ስምንቱ ደህና ናቸው።»

«እንግዲያው ስምንቱን ይዤ ልሂድና ዛሬውኑ ልትከላቸው። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ጡቡ ይሰነጠቃል፣ ጊዜ የለኝም። ከአፍንጫዎቹ ሥር ሁለት ልጆች አቆማለሁ፤ አንዱ ገና የወለደ ነው። ከላያቸው ምንም አይወርድባቸውም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

ባለወረቀቱ ጫማውን አየ። ጋሼ መስኮቱን አዩ። ምላጭ የሣጥኑን ክዳን አየች፤ ሊዘጋ ነው። አሉሚኒየም ያን ሙቀት አይችልም፤ ዳግመኛ ሲግል ይቀልጣል፣ የያዘውን ሽፋን ይዞ ይረግፋል። ከሥሩ ደግሞ ገና የወለደው ይቆማል።

«አባባ» አለች። «ዐሥረኛዋን፣ ዐሥራ አንደኛዋንና ዐሥራ ሁለተኛዋን እንዳይተክሏቸው።»

ሽማግሌው ዞር አሉ። «አንቺ ማን ነሽ?»

«የረጨኋቸው እኔ ነኝ።»

«ሪፖርቱ ላይ እኮ የወንድ ስም ነው ያለው።»

«ሪፖርቱ ሁልጊዜ ወንድ ነው፣ አባባ። የምረጨው ግን እኔ ነኝ።»

ጋሼ ሳል ያዛቸው። «ልጅቷ ዛሬ ትንሽ ተናዳለች፣ አይስሟት...»

«ትናገር» አሉ ሽማግሌው።

ተናገረች። ማግኔቱን አሄደችላቸው፣ ብርጭቆውን አሳየቻቸው። ስለ ከረጢቶቹ ስትናገር የጋሼን ፊት አላየችም፣ ስለ መዶሻዋ ስትናገር ግን የሽማግሌውን ዓይን ቀጥ ብላ አየች። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ያሉት ይሆናሉ ብላ እንደምታስብ፣ ግን እንደማትምልባቸው ነገረቻቸው።

«ስትረጪ ምንም አላስጠረጠረሽም?» ሲሉ ጠየቁ።

እዚህ ላይ መዋሸት እንዴት ቀላል ነበር!

«ድምፁ ተለውጦብኝ ነበር። ሰምቻለሁ። ጋዝ ጨመርኩና አስተካከልኩት። እኔን የሚያመልጠኝ ድምፅ የለም እያልኩ የምኮራ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን የሰማሁትን ዝም አሰኘሁት።»

ሽማግሌው ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አሉ። «እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ» አሉ፣ ጣታቸውን ቅንድብ የሌለበት ግንባራቸው ላይ እያሳለፉ። ሦስቱን አፍንጫዎች ከሣጥኑ አውጥተው ወለሉ ላይ አቆሟቸው።

ምላጭ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ከባለወረቀቱ ኪስ እስክሪብቶውን መዘዘች። «የሙያ ፈቃድ ሳይኖረኝና» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች። «ያለ ኃላፊዎቼ ዕውቅና» የሚለውን ከተከታዩ ጋር በሁለት መስመር ሰረዘች። «ስሆን» የሚለውን በ«ነኝ» ስትተካው የቀረችው «ይህን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ» የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆነች። ከሥሯ በራሷ ጥምዝምዝ ጽሑፍ ጨመረችበት፤ ዱቄቱ ድብልቅ እንደነበር፣ ቋቱን እሷ እንደመታችው፣ ድምፁን ሰምታ እንዳላቆመች። ቀጥሎም፦ «ባለፉት ሦስት ዓመታት ከዚህ ወርክሾፕ ተረጭቶ የወጣውን ሁሉ የረጨሁትም እኔ ነኝ፤ የተላጠ ካለ ይምጣልኝ።»

«አብደሻል እንዴ?» ጋሼ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹ። «አሁን ማን ፈርሚ አለሽ?»

«ማንም። ለዚህ ነው የምፈርመው።»

ስሟን ጻፈች፣ የአባቷን ጻፈች፣ ቦታው ቢጠብም የአያቷን ስም ሳታሳጥር አስገባች፤ ከዚያም ወረቀቱን በጋሼ ፊት አሳልፋ ለሽማግሌው ዘረጋችላቸው።